ነጋሪት የሌለው ጉባኤ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ጎራ አለና፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ አማርኛ ይችሉበታል፤ እስቲ ይቺን ማስታወቂያ ይዩልኝ» አለኝ። መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩት። ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ዝቅ ብሎ «ጉዳዩ፦ የአማርኛ ውክፔዲያ በጎ ፈቃደኛ አዘጋጆች የመጀመሪያ ስብሰባን ይመለከታል» ይላል። ከዚያ በታች ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና «በሰዓቱ እንድትገኙ እናሳስባለን» የሚል ተከትሏል። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«አላጠፋህም። ግን ይኼ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንጂ ጥሪ አይደለም። ሰው ደመወዜ ይቆረጥብኛል ብሎ ፈርቶ የሚመጣበት ስብሰባ ይመስላል።»

«ታዲያ እንዴት ተብሎ ይጻፍ?»

ይህን ጥያቄ እዚያው ልመልስለት አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ስለ አዋጅ፣ ስለ ጉባኤ፣ ስለ ክተት ብዙ ለፍልፌአለሁ። ማንም የማያዛቸውን፣ ማንም የማይከፍላቸውን፣ እውነተኛ ስማቸው እንኳ የማይታወቀውን ሰዎች እንዴት ወደ አንድ ቤት መጥራት እንደሚቻል ግን አስቤ አላውቅም ነበር። አንባቢ ይህን ጽሑፍ የዚያች እሑድ ዕዳ አድርጎ ይቁጠርልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ማታ ማታ በስልኩና በአንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር በአማርኛው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ይጽፋል። የሌሎችንም ጽሑፍ ያርማል። ገንዘብ አያገኝበትም። ስሙም አይወጣበትም፤ የሚጽፈው በብዕር ስም ነው። አብረውት የሚጽፉትም እንደዚያው ናቸው። አንዱን ፊደል ሲያርም ያውቀዋል፤ «ሀ» እና «ሐ» ሲደበላለቁ ዕንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው ይለኛል። ሌላውን ስለ ዕፅዋት ሲጽፍ ያውቀዋል። በአስተያየት መስጫው ላይ ይከራከራሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ፊት ለፊት ግን ተያይተው አያውቁም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራትም ተቋርጦ ቆየ። ያኔ ነው ልጁ ምን እንደጎደለው የገባው። «ሰው የሞተብኝ ያህል ነው ጋሼ» አለኝ። «ለቅሶ እንዳልደርስ ቤታቸውን አላውቀው!» መስመሩ ሲመለስ ከሚያውቃቸው የብዕር ስሞች መካከል ጥቂቶቹ አልተመለሱም። ሰልችቷቸው ይሁን፣ አገር ለቀው ይሁን፣ ከዚያ የከፋ ነገር ደርሶባቸው ይሁን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ የቀሩትን በአካል ላግኛቸው ብሎ ተነሣ። ማስታወቂያው የዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ ልግባ።

ጎንደር ሰው በመጥራት ያረጀ ከተማ ነው። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ቃል ለሕዝቡ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ከግቢው በሮች አንዱ እስከ ዛሬ እምቢልታ በር ይባላል። ከግቢው ውጪ አደባባዩ አለ፤ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ አዋጅ ሲነገርበትና ፍርድ ሲፈጸምበት እንደኖረ የሚተረክለት የጃን ተከል ዋርካ አለ። ነጋሪት ሲጎሰም ገበያተኛው ሸክሙን አውርዶ ያደምጣል፤ አለመስማት ያስቀጣልና። የሰማ ላልሰማ የማሰማት ግዴታ አለበት። ይህ ሥርዓት ከመንግሥት ጋር እስከ አዲስ አበባ ዘልቆ፣ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» ነው። ቆዳው ወደ ወረቀት ተለወጠ እንጂ ድምፁ ያው ነው። ልጁ ሳያውቀው «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የጻፈው ከዚያ ወርሶ ነው። የአዋጅ ቋንቋ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ የሚናገረውም መቅጣት የሚችል ብቻ ነው። መቅጣት የማይችል ሰው በአዋጅ ቋንቋ ሲናገር ግን፣ እንደ እህቴ ልጅ ያስቃል።

ይሁንና በዚሁ ከተማ ያለ ነጋሪት የተሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ለልጁ የነገርኩትም መጀመሪያ ይህንኑ ነው። በዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ላይ፣ በ1778 ዓ.ም. ግድም፣ ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ የሚባሉ መኰንን የነገሥታቱን ዜና መዋዕል አሰባስበው አስገለበጡ። ዘመኑን አስቡት፤ ንጉሥ ይነሣል ይወርዳል፣ መኳንንቱ ይዋጋሉ፣ አብያተ መንግሥቱ ይፈርሳሉ። ያ ሁሉ በሚሆንበት ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «ያለፈው እንዳይጠፋ፣ የተበታተነው አንድ ላይ ይሁን» አለ። ዛሬ የኢትዮጵያን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ ከዚያ ስብስብ ይቀዳል። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ለደጃዝማች ኃይሉ የሰጡት ቦታ ያነሰ ይመስለኛል። ጦርነት ያሸነፈ መኰንን በየመጽሐፉ ገጽ ይሞላል፤ ወረቀት ያዳነ መኰንን ግን የግርጌ ማስታወሻ ነው።

ቢሆንም ለልጁ ችግር ይህ መልስ አይሆንም። ደጃዝማች ኃይሉ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ጸሐፊ ጠርተው ማዘዝ ይችላሉ።

ሁለተኛው የነገርኩት ስለ አባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ከአገር ወጥተው ሮማ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የጀርመን ወጣት ግዕዝ ከመጽሐፍ ተምሮ፣ የሚናገረው ሰው ፍለጋ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን የሐበሾች ማረፊያ አንኳኳ። የተገናኙት እዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን በእንግድነት ጠራቸው። መነኩሴው የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጀርመን አገር ገቡ። ለጥቂት ወራት ሁለቱ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቋንቋው ተጻፈ። ከዚያ ጠረጴዛ የተነሣው በ1681 የታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክና በ1691 የወጣው ማብራሪያው ነው። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም ታተመ።

አባ ጎርጎርዮስ አንዱንም አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ። በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ ያለው ስም የሉዶልፍ ብቻ ነው። በእርግጥ ሉዶልፍ የመነኩሴውን ውለታ አልሸሸገም፤ በመጽሐፉ ውስጥ በክብር ያነሣቸዋል። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ነገር ያስቆጨኝ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ በአውሮፓ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ የተጻፈው መዝገብ የሁለት ሰዎች ስብሰባ ውጤት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ዕውቀቱን ይዞ መጣ፣ ሌላው ብዕሩን ይዞ ጠበቀ። አንድ ሰው አውቆ፣ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ማረም የሚችልበት ዘመን ለመምጣት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ልጁ ይህን ሲሰማ ቡናውን ረስቶት ነበር። «ስለዚህ ደብዳቤ ነው የሚሻለው?» አለኝ። ደብዳቤ ጥሩ ነው። ግን ደብዳቤ አድራሻ ይፈልጋል። አንተ የሰዎቹን አድራሻ አታውቅም።

አድራሻቸው የማይታወቅ ሰዎችን ለዕውቀት ሥራ በመጥራት ረገድ፣ እኔ ከማውቀው ሁሉ የተዋጣለት ስኮትላንዳዊው ጄምስ መሪ ነው። የለንደን የቋንቋ ማኅበር ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1857 ቢያስብም ሥራው ለሃያ ዓመት ተንከባሎ ነበር። መሪ አዘጋጅነቱን በ1879 ሲረከብ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ጥሪ መጻፍ ነው። ጥሪውን በ2,000 ቅጂ አሳትሞ ለመጻሕፍት መደብሮችና ለጋዜጦች በተነው። ለሦስት ዓመት መጽሐፍ እያነበቡ ቃል ከነአገባቡ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው የሚልኩ አንድ ሺህ ሰዎች ፈለገ። ይህን ያልኩት ለቁጥሩ አይደለም። ጥሪው «ዕውቀት እንዲስፋፋ ተባበሩ» ብሎ ዝም አላለም። የትኞቹ መጻሕፍት እንደተነበቡ፣ የትኞቹ እንዳልተነበቡ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ከየት እንደሚጻፍ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ «ይኼን እኔ ልችለው እችላለሁ» እንዲል አደረገው።

መልስ ጎረፈ። መሪ የአስተማሪነት ሥራውን ሳይለቅ በግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ወረቀቱን እዚያ ከተተ። በሺህ የሚቆጠር ወረቀት ከላኩት አንዱ ዊልያም ማይነር የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ለንደን ላይ ነፍስ አጥፍቶ በአእምሮ ሕሙማን ተቋም የተዘጋበት ነው። መሪ ቆይቶ ነው በአካል ሄዶ ያየው። የመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ ክፍል በ1884 ታተመ፤ መጨረሻው በ1928። መሪ በ1915 ሞቷል፤ እርሱም እንደ አባ ጎርጎርዮስ መጨረሻውን አላየም።

የኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ከመሪ ጥሪ የወረሰው ብዙ ነው፤ የተለየበትም አለ። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር መጀመሪያ በ2000 የከፈቱት ሊቃውንት ብቻ የሚጽፉበትና ጽሑፉ በብዙ ወንፊት የሚያልፍበት ሌላ መዝገብ ነበር። ወንፊቱ ጠበቀና ዱቄት ጠፋ፤ በዓመቱ በጣት የሚቆጠር ጽሑፍ ብቻ ወጣ። ስለዚህ በጥር 2001 ማንም ገብቶ የሚጽፍበትን፣ ማንም የሚያርምበትን ውክፔዲያን ጀመሩ። የጀርመንኛው ክፍል በዚያው ዓመት መጋቢት ተከተለ። ፊደላችን የኮምፒዩተሩ ዓለም በጋራ በተስማማበት የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነውና፣ አማርኛም ተራው ሲደርስ መንገዱ ተጠርጎ ጠበቀው። ዛሬ የአማርኛው ክፍል 15 ሺህ ግድም ጽሑፎች አሉት። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ያህል ልዩነት ሲታይ አንገት ያስደፋል፤ ግን ቁጥሩን ከጸሐፊዎቹ ብዛት ጋር አስተያዩት። አሥራ አምስት ሺውን የጻፉት ጥቂቶች ናቸው።

ለመሆኑ እነዚህ ፊታቸው የማይታወቅ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል የተገናኙት የት ነው? በ2003 ጥቅምት ወር፣ ሙኒክ ከተማ። የጀርመንኛው አዘጋጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የሚገናኙበትን ልማድ ጀርመኖቹ «ሽታምቲሽ» ይሉታል፤ በመጠጥ ቤት ለደንበኛ የተጠበቀ ጠረጴዛ ማለት ነው። የእኛ ሰው ማኅበር ጠጣሁ እንደሚለው ያለ ነገር ነው። ወሩን ጠብቆ ይመጣል፣ ያልመጣ ይጠየቃል። የዓለም አቀፉ ትልቁ ጉባኤ የመጀመሪያው በ2005 በፍራንክፈርት ተደረገ። በ2008 እስክንድርያ ሄደ፤ የጥንቱ ቤተ መጻሕፍት በነበረበት ከተማ። በ2018 ኬፕታውን ደረሰ። አፍሪካውያኑም ለራሳቸው በ2014 ጆሃንስበርግ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥሪው በነጋሪትም፣ በደብዳቤም፣ በታተመ ወረቀትም አይደለም። ከመዝገቡ ገጾች አንዱ ላይ ቀኑና ቦታው ይጻፋል፤ የሚመጣ ሰው ከሥሩ ስሙን ያሰፍራል። የሚያነብቡት የሚጽፉት ናቸውና ይበቃል።

«እኛም እንደዚያ አድርገናል ጋሼ» አለኝ ልጁ። «ሁለት ሰው ብቻ ፈረመ። አንዱ ሲያትል ነው ያለው።»

እዚህ ላይ ነው አባቴ ትዝ ያሉኝ። የተወለድኩት ትክል ድንጋይ አጠገብ ነው፤ ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የላይ አርማጭሆ ከተማ። አባቴ ነሐሴ ላይ የጤፉ አረም ሲበዛባቸው ደቦ ይጠሩ ነበር። ነጋሪት የላቸውም፣ ደብዳቤ አይጽፉም። የዋዜማው ዕለት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጋቢያቸውን ለብሰው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ራሳቸው ነበር የሚሄዱት፤ ልጅ መላክ ንቀት ነው ይሉ ነበር። «ነገ የወንዙ ዳር ማሳ አረም አለብኝና እስቲ ድረሱልኝ» ይላሉ። ልብ በሉ፤ የቱ ማሳ እንደሆነ ይናገራሉ። አረም ይሁን አጨዳ ይናገራሉ። ጠላውም መጠመቁን ሰፈሩ በሽታው ያውቀዋል፤ እርሱን መናገር አያስፈልግም። በማግሥቱ ጎረቤቱ ማጭዱን ወይም ባዶ እጁን ይዞ ይወርዳል። ያልመጣ አይቀጣም፤ ግን ማን እንዳልመጣ ይታወቃል። ጄምስ መሪ በታተመ ወረቀት ያደረገውን አባቴ በእግራቸው ያደርጉት ነበር።

አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ነገር የታደለ ነው። ማሳም ይታረማል፣ ጽሑፍም ይታረማል። አራሚ ስንል ሁለቱንም ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ልጁም አላለፈኝም። «ደቦ ባለቤት አለው ጋሼ። ማሳው የአባትዎ ነበር። ይኼኛው ማሳ የማን ነው?» እውነቱን ነው። የደጃዝማች ኃይሉ መጽሐፍ የደጃዝማች ኃይሉ ነው። የሉዶልፍም የሉዶልፍ። የመሪም መዝገብ የማኅበሩና የአሳታሚው ነበር። ይኼኛው ባለቤት የለውም። ታዲያ ደቦውን ማን ይጥራ? አረሙ ዓይኑን የቆረቆረው ሰው ይጥራ እንጂ ሌላ ምን ይባላል፤ ያንኑ መለስኩለት።

ማስታወቂያውን በዚያው ቀን አብረን ጻፍነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ወጣ። በምትኩ «በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ የምትጽፉ፣ ወይም ለመጻፍ የምታስቡ፣ ወይም የተሳሳተ ነገር አይታችሁ የተናደዳችሁ» ገባ። «እናሳስባለን» ወጣ። ከዚያ ሥራው ተዘረዘረ፦ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት፣ የላይ አርማጭሆ ቀበሌዎች፣ የደጋው ዛፎች ስም። «የምታውቁትን፣ መጽሐፍ ካላችሁ መጽሐፉን፣ የሽማግሌ ቃል የጻፋችሁበት ደብተር ካላችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ» አልን። መጨረሻ ላይ «ቡና አለ» ብለን ጻፍን። ልጁ ይህ ለማስታወቂያ ይቀላል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ አልተሸነፍኩም።

ደብተሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱንም አንባቢ ይወቅልኝ። ወጣት መምህር ሳለሁ ትክል ድንጋይ ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ። ድንጋዩን ማን እንደተከለው፣ ለምን እንደተከለው ሲጠይቁዋቸው ፈገግ ብለው «ቅዳሜ ና፣ ቡና እየጠጣን አጫውትሃለሁ» ይሉ ነበር። እኔንም አሉኝ። ያን ቅዳሜ ፈተና ማረም ነበረብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ነገር ነበረብኝ። እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት አለፈና ቀብራቸው ላይ ተገኘሁ። ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ ስለ ናፖሊዮን አስተምር ነበር።

ማስታወቂያውን በሃያ ቅጂ አባዛነው። መለጠፉ ግን ከመጻፉ ከበደ። አንድ መሥሪያ ቤት በራፍ ላይ ልንለጥፍ ስንል ዘበኛው «ማኅተሙ የት አለ?» አለን። የማኅበር ማኅተም የለንም፤ ማኅበርም አይደለንም። ከውስጥ የወጡት ኃላፊም ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ካዩ በኋላ «ማኅተም የሌለው ነገር እዚህ አይለጠፍም» አሉና መለሱልን። ልጁ ተናደደ፤ እኔ ግን አልፈረድኩባቸውም። በእጅ እየተጻፈ ከቤተ መንግሥት ለመኳንንት ይታደል የነበረው የአፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ እንኳ ስሙን ያገኘው ከንጉሡ ነው። አገራችን ውስጥ ወረቀት ያለ አባት አይሄድም። ስለዚህ አባት ወደማይጠየቅበት ሄድን። አንድ የሻይ ቤት ግድግዳ፣ ሁለት ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የመጻሕፍት አዟሪ ጋሪ ላይ ለጠፍን። አምስቱን ቅጂ ለእህቴ ትክል ድንጋይ ላክሁላት። እርሷ ማንበብ ቢሰለቻት አፏ ነጋሪት ነው፤ በገበያ ቀን ቅቤ ስትገዛ፣ በርበሬ ስትመርጥ ነገረችው።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ እኔው ቤት ተሰበሰብን። ዘጠኝ ወንበር ከጎረቤት ተውሰን ነበር፤ ከእኛ ከሁለታችን ሌላ አምስት ሰው መጣ። ልጁ በሩን ደጋግሞ ሲያይ አሳዘነኝ። ከመጡት አንዷ በመድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። ልጁ ለሁለት ዓመት «ጋሼ» እያለ ሲጽፍላት የኖረው፣ አንድ ሽበታም የእርሻ ባለሙያ መስላው፣ ያ ስለ ዕፅዋት የሚጽፈው ብዕር ስም እርሷ ኖራለች። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አንድ የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ያ የ«ሀ» እና የ«ሐ» ነገር ዕንቅልፍ የሚነሣው ሰው ነው ብዬ ገምቼ ነበር፤ አይደለም፤ እርሱን እስከ ዛሬ አላገኘነውም። አምስተኛው ከትክል ድንጋይ በጠዋቱ መኪና የመጣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። ከእህቴ ነው የሰማው። ከፌስታል ውስጥ ሰማያዊ ደብተር አወጣ።

ክርክሩ የተነሣው በዚያ ደብተር ነው። መምህሩ ለዓመታት ከአዛውንቶች የሰማውን ጽፎበታል፤ ስለ ከተማው ስም ብቻ ሦስት የማይስማሙ ቃሎች አሉበት። ባለመድኃኒቷ «ይህ ወደ መዝገቡ አይገባም» አለች። ደንቡ የታተመ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ማንም ተነሥቶ አያቴ ነገሩኝ እያለ ይጽፋል። የቅኔ ተማሪው ተቆጣ። «ቅኔው ያለው በመምህሩ አፍ ነው። አልታተመም ተብሎ የለም ይባላል?» አላት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህ ክርክር የእኛ ብቻም አይደለም፤ በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የመዝገቡ በጎ ፈቃደኞች የሰው ቃል ተቀድቶ እንደ ማስረጃ እንዲጠቀስ በሙከራ መልክ ሠርተውበት ነበር፤ ብዙ አከራክሯል። ሐምቡርግ የተዘጋጀው ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ታላቁ የኢትዮጵያ ጥናት መዝገበ ዕውቀትም ቢሆን በየቤተ መጻሕፍቱ ነው ያለው፤ ስለ አንዲት የገጠር ከተማ ድንጋይ የታተመ ወረቀት ፈልግ ማለት ለብዙ ቦታዎች አትጻፍ ማለት ነው። እኔ ወዲያና ወዲህ ስል መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሰን ቀጠልን። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ እስከዚያ አንድ ቃል ያልተናገረ ልጅ፣ «ታዲያ ለምን መጀመሪያ አናሳትመውም?» አለ። የአዛውንቶቹ ስም፣ የተነገረበት ቀንና ቦታ ተጽፎ፣ በትንሽ መጽሐፍ ይውጣ፣ ከዚያ ይጠቀሳል፤ ሦስቱም ቃል ሳይታረቅ ጎን ለጎን ይቀመጥ ነው የሚለው። ባለመድኃኒቷ ትንሽ አስባ «ከሆነ እኔ እተይበዋለሁ» አለች።

መምህሩ ወደ አመሻሹ ተነሣ። ደብተሩን ለማን እንደሚተወው ግራ ገባውና ዞሮ ዞሮ ለእኔ ሰጠኝ። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ይመልሱልኝ፤ ሌላ ቅጂ የለኝም» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ስለ እነዚያ አዛውንት ጠየቅሁት። ስማቸውን ያውቃል፤ ግን መጻፍ የጀመረው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።

ደብተሩን እስካሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እርሳስ የተጻፈው ገጽ ደብዝዟል፤ ሦስተኛው ቃል ላይ የአንድ ሰው ስም አለ፣ «ገብሬ» ይሁን «ገብሩ» መለየት አቅቶኛል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ትክል ድንጋይ ሄጄ ራሱን እጠይቀዋለሁ።